ከበረት የሚበንነው ማዳበሪያ

ማለዳ የበረቱ በር ገና ሲከፈት አፍንጫን የሚሰነፍጥ፣ ዓይንንም የሚያስለቅስ ጠረን ይወጣል። ላም የሚያረባ ሁሉ ያውቀዋል። አላቢዋ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ታልፋለች፤ ከብቶቹን የሚያስወጣው ልጅም በሩን ከፍቶ ትንሽ እስኪነፍስ ይጠብቃል። ለብዙዎች ነገሩ የበረት ሽታ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ስም የለውም። ይሁንና ያ የሚሰነፍጠው ጋዝ አሞኒያ ይባላል። ከክብደቱ 82 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጂን ነው። አርሶ አደሩ በክረምት መግቢያ ተሰልፎ፣ ብር ቆጥሮ፣ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት የሚወስደው ዩሪያም የሚፈለገው ለዚሁ ለናይትሮጂን ነው።

ዩሪያ በፋብሪካ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያው ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው ናይትሮጂንና ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚወጣ ሃይድሮጂን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይመረታል። ምርቱ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያም በከባድ መኪና ወደ ዩኒየን መጋዘን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በመጨረሻም በአህያ ጀርባ ወደ አርሶ አደሩ ደጅ ይገባል። ይህን ሁሉ መንገድ አቆራርጦ የሚመጣው ንጥረ ነገር በሌላ በኩል ከዚያው ደጅ፣ ከበረቱ፣ በየዕለቱ በነፋስ ይወጣል። እንደሚወጣ ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል። ምን ያህል እንደሚወጣ ለማወቅ ግን መለካት ያስፈልጋል፤ ልኬቱም ከሚታሰበው በላይ ቀላል የሆነበት፣ ከሚታሰበው በላይም አሳሳች የሆነበት ጎን አለው።

ሒሳቡ ከገንዳው ይጀምራል

አንዲት ዲቃላ የወተት ላም እንውሰድ። በቀን 12 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች፤ ድርቆሽ፣ የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ የፕሮቲን መጠኑ 13 በመቶ ነው እንበል። ይህ 1 ነጥብ 56 ኪሎ ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ከመኖ ፕሮቲን ውስጥ 16 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ፣ ላሟ በቀን 250 ግራም ያህል ናይትሮጂን ዋጠች ማለት ነው። በዚያው ቀን 10 ሊትር ወተት ሰጠች። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ወደ 5 ግራም የሚጠጋ ናይትሮጂን ስለሚገኝ በወተቱ የወጣው 50 ግራም ነው። የቀረው 200 ግራም የት ደረሰ? ላሟ እያደገች ወይም እየሰባች ካልሆነ በስተቀር በእበትና በሽንት ወጥቷል።

በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ልኬቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የወተት ላም ከምትበላው ናይትሮጂን ወደ ወተት የምትለውጠው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለውን ነው። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የበይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የራሱ ልኬት ለሌለው የአፍሪካ አገር የሚያገለግል አኃዝ አስቀምጧል፤ 275 ኪሎ ግራም የምትመዝን የወተት ላም በዓመት ወደ 60 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ታስወግዳለች ይላል። በምሳሌያችን ያለችው ላም ከዚያ ገዘፍ የምትልና በተሻለ መኖ የምትቀለብ በመሆኗ በዓመት 73 ኪሎ ግራም ይደርስላታል። በአንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 23 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ከአንዲት ላም በስተኋላ የሚወጣው ከሦስት ከረጢት ዩሪያ በላይ ናይትሮጂን የያዘ ነው፤ አራት ላም ያለው ቤተሰብ ደግሞ በዓመት የአሥራ ሁለት ከረጢት ያህል በረቱ ወለል ላይ ይፈስለታል።

ይፈስለታል እንጂ ይደርሰዋል ማለት አይደለም።

ሽንቱ ላይ ያለው ሀብት

ስለ ፍግ ሲነሳ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው እበቱ ላይ ነው። እበት ይታያል፣ ይዛቃል፣ ይከመራል። ሽንቱ ግን ወደ መሬት ይሰርጋል ወይም በበረቱ ደፍ ሥር ሾልኮ ወደ መንገድ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ላሟ ከምታስወግደው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉ፣ መኖዋ በፕሮቲን የበለጸገ ከሆነም ከግማሽ በላዩ፣ ያለው በሽንቱ ውስጥ ነው። በእበቱ ያለው ናይትሮጂን ከእፅዋት ቅሪትና ከጥቃቅን ሕዋሳት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ቶሎም አይበንንም። በሽንቱ ያለው በአብዛኛው ዩሪያ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ዩሪያና ከላሟ የሚወጣው ዩሪያ በኬሚካዊ ይዘታቸው አንድ ናቸው።

ዩሪያ ብቻውን አይበንንም። የሚያበንነው ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ይህም በእበት ውስጥና በረቱ ወለል ላይ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ዘንድ በብዛት ይገኛል። ሽንቱ እበቱን በነካ በሰዓታት ውስጥ ዩሪያው መፈራረስ ይጀምራል፤ በአንድና ሁለት ቀንም አብዛኛው ወደ አሞኒየም ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የአሲድነትና የአልካላይነት ጉዳይ ነው፤ ባለሙያዎች ፒኤች የሚሉት ልኬት። ፒኤች 7 ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጋዝ ለመሆን ዝግጁ የሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። 8 ላይ ሲደርስ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። 9 ላይ ግን ከሲሶ በላይ ይሆናል። ዩሪያ ሲፈራርስ ደግሞ ራሱ አካባቢውን አልካላይ ያደርገዋል፤ በሌላ አነጋገር በሩን ራሱ ከፍቶ ይወጣል። በዚህ ላይ ፀሐይና ነፋስ ሲጨመር ፍጥነቱ ይበረታል። ለዚህም ነው ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ያለ በረትና ጣና ዳር ሙቀት ውስጥ ያለ በረት አንድ ዓይነት መኖ እየተበላባቸው አንድ ዓይነት ብክነት የማይኖራቸው።

የሚለካው እንዴት ነው?

የመለኪያዎቹ ሁሉ አባት የሚባለው ዘዴ ከቢራ ፋብሪካ የወጣ ነው። ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ የእህልን ፕሮቲን ለመለካት ሲሠራ፣ በ1883 እ.ኤ.አ. እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዘዴ ይፋ አደረገ። ናሙናው በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፤ ናይትሮጂኑ ሁሉ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። ከዚያ ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ ይፈላል፤ አሞኒያው እንደ አረቄ ወጥቶ በሌላ ዕቃ ባለ አሲድ ይያዛል፤ የተያዘውም ይለካል። የአፈርና የመኖ ምርመራ የሚያካሂዱ ላቦራቶሪዎች የሚያውቁት ሥራ ስለሆነ ፍግን ለመመርመር አዲስ መሣሪያ ማስመጣት አያስፈልግም። እንዲያውም በብልቃጡ ውስጥ የሚሆነውና በበረቱ ወለል ላይ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ በላቦራቶሪው አሞኒያው የሚወጣበት ቱቦ ጫፉ ላይ ተቀባይ አለው።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ናሙናው ላቦራቶሪ ሳይደርስ ነው። የአፈር ናሙና መውሰድ የለመደ ባለሙያ እንደ ልማዱ ፍጉንም በፀሐይ አድርቆ ወይም በ105 ዲግሪ ምድጃ አስገብቶ ከዚያ ይልካል። በዚያ ሰዓት ሊለካ የተፈለገው አሞኒያ አየር ላይ ነው። የፍግ ናሙና ርጥብ እንዳለ፣ ከክምሩ ከተለያየ ቦታና ጥልቀት ተወስዶ ከተደባለቀ በኋላ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ በቀዝቃዛ ሣጥን በዚያው ቀን መላክ አለበት። የሚደርቀው ሌላ ቁራሽ ነው፤ እርሱም የርጥበቱን መጠን ለማወቅ ብቻ ያገለግላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። አንድ ክምር ሲከመር ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደቱ 20 ግራም ናይትሮጂን ነበረው እንበል። ከአራት ወር በኋላ ሲመረመር 24 ግራም ሆኖ ተገኘ። ላይ ላዩን ሲታይ ፍጉ የበለጠ ሀብታም ሆኗል፤ በሪፖርት ላይም «የናይትሮጂን ይዘቱ ጨምሯል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን ክምሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመበስበስ ደረቅ ክብደቱ ከ1 ሺህ ኪሎ ግራም ወደ 500 ወርዷል። ሲጀመር በጠቅላላው 20 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ነበረ፤ አሁን ያለው 12 ነው። ስምንቱ፣ ማለትም 40 በመቶው፣ የለም። መቶኛው ስላደገ ሀብቱ አደገ ማለት ድስቱ ላይ ያለው ወጥ ውኃው ተንኖ ሲወፍር ወጡ በዛ እንደማለት ነው።

ክምሩን ሲጀምርና ሲጨርስ መመዘን ለማይቻልበት ቦታ ፎስፈረስ ጥሩ ምስክር ይሆናል። ፎስፈረስ ወደ አየር አይበንንም። በመሆኑም ላቦራቶሪው ሁለቱንም ለክቶ ማነጻጸር ይቻላል። ከላይ ባለው ምሳሌ መጀመሪያ 20 ግራም ናይትሮጂን ለ4 ግራም ፎስፈረስ ነበር፤ አምስት ለአንድ። በመጨረሻ 24 ለ8 ሆነ፤ ሦስት ለአንድ። ከአምስት ወደ ሦስት መውረዱ ያለ ሚዛን ያንኑ 40 በመቶ ይነግራል። ዘዴው እንከን የለውም አይባልም። ክምሩ ውስጥ አፈር ከተጨመረ የአፈሩ ፎስፈረስ ስሌቱን ያዛባል፤ ጎርፍ ክምሩን ካጠበውም ምስክሩ ራሱ አብሮ ይታጠባል። ከሁሉም በላይ ምን ያህል እንደጠፋ እንጂ በየት በኩል እንደጠፋ አይናገርም። ናይትሮጂን መውጫው ብዙ ነው፤ በአሞኒያ መልክ ይበንናል፣ በናይትሬት መልክ ከዝናብ ጋር ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል፣ ጥቂቱም ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅም ስላለው በአየር ንብረት ሒሳብ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

በአየር የሚወጣውን ለይቶ ለማወቅ ተመራማሪዎች ክምሩ ወይም ወለሉ ላይ ክዳን ይደፋሉ፤ በክዳኑ ውስጥ አየር በትንሽ መሳቢያ ሞተር እንዲያልፍ አድርገው የሚወጣውን በአሲድ ብልቃጥ ውስጥ ያሳልፉታል። አሲዱ አሞኒያውን ይዞ ያስቀራል፤ በቀኑ መጨረሻ የተያዘው ይለካል። ቀለል ያለው ዓይነት ያለ ሞተር፣ በተደፋ ባልዲ ውስጥ አሲድ የነከረ ስፖንጅ በማንጠልጠል ይሠራል። ይህኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከባልዲው ሥር ነፋስ ስለሌለ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ስለዚህ «ከዚህ ክምር ይህን ያህል ግራም ወጣ» ለማለት ሳይሆን «የተሸፈነው ክምር ካልተሸፈነው በምን ያህል ይሻላል» ለማለት ቢውል ነው የሚታመነው። አሲዱን የሚይዘው ጓንትና መነጽር ያደረገ ባለሙያ መሆን እንዳለበት መናገር ትርፍ አይሆንም።

ልኬት ምን ያህል የሚያነጋግር ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ኔዘርላንድስ ታሳያለች። በትንሽ መሬት ላይ እጅግ ብዙ ከብት የሚረባባት ይህች አገር ችግሯ ከኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተረፈ ናይትሮጂን ተፈጥሯዊ አካባቢዎቿን ይጎዳል። ፈሳሽ ፍግ ገጽ ላይ እንዳይረጭ፣ ወደ አፈር እንዲገባ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት ፍርድ የፈቃድ አሰጣጡን ሥርዓት ሲሽረው፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ገበሬዎች በትራክተር ሆነው ወደ ሄግ ጎረፉ። ከክርክሮቹ አንዱ የናይትሮጂኑ መጠን በስሌት ነው ወይስ በእርግጥ በመለካት የተገኘው የሚል ነበር። ኑሮውን የሚነካ ቁጥር ሲመጣበት «ማን ለካው?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ በየትም አገር አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

በሜትር ኪዩብ የሚቆጠር ሪፖርት

በየዓመቱ በበጋው ወራት ቀበሌዎች የኮምፖስት ዝግጅት ዕቅድ ይወስዳሉ። ዕቅዱም ሪፖርቱም በሜትር ኪዩብ ነው። ጉድጓዱ ይለካል፣ ክምሩ ይለካል፣ ቁጥሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይወጣል። አሠራሩ ሰውን ለማንቀሳቀስ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሜትር ኪዩብ የሚለካው ስፋትና ቁመትን ነው። ከበረት ትኩስ የወጣ፣ በጭድ የተመጠጠ፣ የተሸፈነ አንድ ሜትር ኪዩብና ሰባት ወር ፀሐይ የተጫወተበት አንድ ሜትር ኪዩብ በሪፖርቱ ላይ እኩል ናቸው። ማሳው ላይ ግን እኩል አይደሉም። ሁለተኛውን የበተነ አርሶ አደር ሰብሉ ቢጫ ሲሆንበት «ኮምፖስት አይሠራም» ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ከላይ የተጠቀሰው የ2006 መመሪያ በወተት ላም ፍግ ላይ ያስቀመጠው ግምት ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። በክምር ከተቀመጠ ደረቅ ፍግ 30 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጂን ወደ አየር ይበንናል፤ በየዕለቱ ወደ ማሳ ከሚወጣው ግን ከመውጣቱ በፊት የሚበንነው 7 በመቶ ነው። በምሳሌያችን ላም 73 ኪሎ ግራም ላይ 30 በመቶው 22 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በአንዲት ላም በዓመት አንድ ከረጢት ዩሪያ ለማለት ጥቂት ነው የሚጎድለው። ያውም ይህ ሽንቱ ከእበቱ ጋር ተጠብቆ ለተከመረ ነው። ሽንቱ በወለሉ ሰርጎ የሚቀርበት በረት ገና ክምሩ ሳይጀመር ግማሹን አጥቷል።

ወረዳ ላይ ያለ ባለሙያ ሁሉንም ክምር ላቦራቶሪ ይላክ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ከአንድ ቀበሌ ሁለት ሦስት በረት፣ አንዱ የተሸፈነ አንዱ ያልተሸፈነ፣ በክምሩ መጀመሪያና በመጨረሻ ናሙናቸው ተወስዶ ናይትሮጂንና ፎስፈረሳቸው ቢመረመር ግን ለወረዳው በሙሉ የሚያገለግል የራሱ ቁጥር ይገኛል። የፒኤች ወረቀት ደግሞ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከወለሉ ላይ በተጠራቀመ ፈሳሽ ነክሮ ቀለሙን ማየት የልማት ሠራተኛ በአንድ ጉብኝት ሊያደርገው የሚችል ነው። ቀለሙ ወደ 9 ካሳየ ናይትሮጂኑ እየሄደ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ኩበት ለምድጃ፣ ሽንት ለማሳ

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎችና እንጨት በጠፋባቸው ሌሎች አካባቢዎች እበት ማለት ኩበት ነው። ኩበት ይነድዳል፣ ይሸጣል፣ ቤት ያሞቃል። ሲነድድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። ባለሙያዎች ለዓመታት «ኩበት አታንድዱ፣ ለማሳ አውሉት» ሲሉ ኖረዋል፤ ማገዶ የሌላት እናት ግን ምክሩን ሰምታ ምን ታድርግ? እንጀራው ካልተጋገረ ማሳው ለማን ነው?

ልኬቱ እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር ያሳያል። ወደ ምድጃ የሚሄደው እበቱ ነው። የናይትሮጂኑ ግማሽ ግን በሽንቱ ውስጥ ስለሆነ ኩበት መሥራት ሳይቆም ሊተርፍ ይችላል። አንዲት ላም በቀን ከ10 እስከ 20 ሊትር ትሸናለች። ወለሉ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ተነጥፎ ዘንበል ካለ፣ በጠርዙም ቦይ ከወጣለት ሽንቱ እበቱን ብዙ ሳይነካ ወደ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ከእበት ተለይቶ ክዳን ባለው በርሜል የተቀመጠ ሽንት ክፍት ከተተወው ይልቅ ናይትሮጂኑን ይዞ ይቆያል። በውኃ ቀጥኖ በዝሆኔ ሣር ወይም በጓሮ አትክልት ሥር፣ በምሽት፣ ቅጠሉን ሳይነካ ቢፈስ በቀጥታ ያገለግላል። ሲሚንቶ መግዛት ያልቻለ ደግሞ በላሟ ሥር ጭድ ወይም ገለባ ይጎዝጉዝ። ደረቅ ጭድ ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በላይ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ሲበሰብስም ጥቃቅን ሕዋሳቱ ናይትሮጂኑን ለራሳቸው አካል መሥሪያ ስለሚይዙት አይበንንም። ጭድ መኖ በሆነበት አገር ለጉዝጓዝ ማዋል እንደሚያሳሳ ግልጽ ነው። ከገንዳው የተረፈ ዘንጋዳ አገዳ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና ከብት የማይበላው ጥራጊ ግን ለዚህ ይበቃል።

ለጥጆቹ ጤናም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። አሞኒያው ከወለሉ ስለሚነሣ በብዛት የሚተነፍሱት ወለሉ ላይ የሚተኙት ናቸው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ገደብ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 25 ነው። አፍንጫ ግን ሽታውን ቶሎ ስለሚለምድ የበረቱ ባለቤት ሳይሆን ከውጭ የመጣ ሰው ቢጠየቅ ይሻላል፤ እርሱም ቆሞ ሳይሆን በጥጃው ቁመት ልክ ተንበርክኮ።

አመድና ኖራ

በኮምፖስት አዘገጃጀት ሥልጠና ላይ አመድ በየንብብሩ እንዲነሰነስ ይነገራል። እፍኝ አመድ በደረቅ ቅጠል መካከል ጉዳት የለውም። ሽንት በጠጣ ትኩስ እበት ላይ የምድጃ አመድ በየዕለቱ መድፋት ግን ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋል፤ አሞኒያውም ይሸሻል። የእንጨትና የኩበት አመድ አልካላይ ነው። ቦታው ማሳው ነው፤ ያውም አሲዳማ በሆነው ማሳ።

በጎጃም ዞኖችና በአዊ ደጋማ ወረዳዎች አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ ኖራ ይበተናል፤ መበተኑም ትክክል ነው። ችግር የሚመጣው የሥራ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ኖራውና ትኩስ ፍጉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ፣ ገጽ ለገጽ ሲበተኑ ነው። ኖራው አስቀድሞ ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ፣ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ፍጉ ቢከተል ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ወረዳዎች የኖራና የኮምፖስት ዘመቻቸውን ቀን ሲቆርጡ ይህን ቢያጤኑት ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው።

ባዮጋዝ የገነቡ አባወራዎችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ማብላያው ጋዙን ወስዶ ናይትሮጂኑን ይተዋል፤ ስለዚህ የሚወጣው ዝቃጭ ከገባው እበት ጋር ሲነጻጸር ናይትሮጂኑ አልቀነሰም። ነገር ግን ከእበቱ ጋር ተሳስሮ የነበረው አንድ ክፍል ወደ አሞኒየም ተለውጧል፤ ፒኤቹም ከፍ ብሏል። ለሰብል ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ይበንናል። ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ለወራት የተኛ ዝቃጭ ሲደርቅ ጥቁርና ያማረ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን አብሮት የለም። ጉድጓዱ ላይ ቀላል የሣር ጣሪያ መሥራትና ዝቃጩ በወጣ ቁጥር ጭድና ቅጠል መጨመር ብዙውን ያስቀራል።

የመጨረሻዋ ሰዓት

ከበረት እስከ ክምር ተጠብቆ የመጣ ናይትሮጂን ማሳ ላይ በአንድ ከሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ፍግ ገጽ ላይ ተበትኖ ሲተው በአሞኒያ መልክ ከሚጠፋው አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት ነው፤ በፀሐያማና ነፋሻማ ቀን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት። በብዙ አካባቢ ፍጉ በሚያዝያና በግንቦት በአህያና በቅርጫት ተጓጉዞ በማሳው ላይ በትናንሽ ክምር ይቀመጣል፤ በሬ እስኪገኝና ዝናብ እስኪጥል ሳምንት ሁለት ሳምንት ይተኛል። ክምሮቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ሰብሉ ለምልሞ መካከሉ ቀጭጮ የሚታየው አንድም ከዚህ የተነሣ ነው።

የሚሻለው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በሬው ሲጠመድ ፍጉ ይጫን፤ በተበተነበት ሰዓት ማረሻው ይከተለው። ደቦ የሚጠራ ቤተሰብ ግማሹን ሰው ለጭነት፣ ግማሹን ለማልበስ ቢያሰማራ በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ቀኑ ደመናማ ቢሆን ወይም ሥራው ወደ ማታ ቢዞር ደግሞ ይበልጥ ይተርፋል። ከማረሻው ጥልቀት ግማሽ ያህል እንኳ አፈር የለበሰ ፍግ አሞኒያውን ለአፈሩ ሸክላ ያስረክባል፤ ሸክላውም ለቡቃያው እስኪደርስ ድረስ ይዞት ይቆያል።